በሁለት ዓይን የተሳለ ሰው

የእኔን ክፍል ከአማርኛው ክፍል የሚለየው ችፑድ ነው። የምናስተምረው የካ አባዶ ነው፤ ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ተደርድረው ወደ ለገጣፎ በሚያዩበት ሰፈር። ሕንፃዎቹ ነዋሪ ሲሞሉ ትምህርት ቤቱም ተማሪ ሞላ፤ አንዱ ሰፊ ክፍል መሐሉ ላይ በችፑድ ተከፈለና ሁለት ሆነ። ወዲህ እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ወዲያ እትዬ አማርኛ ያስተምራሉ። እትዬ የምንላቸው ከርዕሰ መምህሩ ጀምሮ ሁላችንም የሥራ ባልደረቦቻቸው ነን። ለተማሪዎቹ ግን እንደማንኛችንም «ቲቸር» ናቸው።

ችፑድ ድምፅ አይከለክልም። እኔ ሰሌዳ ላይ ቀመር ስጽፍ ከወዲያ በኩል ስድሳ የሚሆን ልጅ በአንድ ጊዜ ዴስክ ሲመታ ይሰማል። ስድስት ምት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ምት። የወል ቤት እየተማሩ ነው። በአማርኛ ግጥም በጣም የተለመደው ምጣኔ ይኸው ነው፤ ስንኙ ከሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት የድምፅ ምት፣ ይይዛል። ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ሊያልቅ ይችላል፤ በብዙ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ተነግሮ ያልቃል። እትዬ ግን አስቀድመው ዴስክ ያስመታሉ። ቀጥሎ አምስት አምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን ይመጣል፤ ከዚያ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት የሚባለው፣ ስምንት ስምንት የሚረዝመው። ልጆቹ ስሙን ከመስማታቸው በፊት እጃቸው ያውቀዋል። የእኔ ተማሪዎችም ደብተራቸው ላይ እያቀረቀሩ በጣታቸው አብረው ይመታሉ።

ትርፍ ክፍለ ጊዜ ሲኖረኝ ወንበር ይዤ እዚያ ከኋላ መቀመጥ ልማዴ ሆኗል። መጀመሪያ የጠራኝ ድምፁ ነበር፤ ያስቀረኝ ግን ሴትዮዋ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዘወትር የሚነገር አባባል ነው፦ «የዛሬ ልጅ ማንበብ አይወድም።» ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ሮስተርና ፈተና እያረሙ የደከሙ ናቸው። እኔ ግን አልስማማም። የዛሬ ልጅ አልተነበበለትም። ድምፁን ሰምቶት የማያውቀውን ነገር እንዴት ብሎ ይውደደው? እንዲህ የምለው በስሜት ተገፋፍቼ አይደለም። ያንኑ ልጅ፣ እኔ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ትራስ አድርጎ የሚተኛውን፣ ከችፑዱ ወዲያ ቆሞ ስለ አንድ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ሲሟገት በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ኅዳር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ ገቡ፤ ሰላምታ ሰጡ፤ ሰሌዳውን በዳስተር ጠርገው አንድም ነገር ሳይናገሩ በጠመኔ ሁለት ፊት ሣሉ። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ያያል፤ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቅንድቦቹ እንደ ቅስት የተቀለሱ። ሁለተኛው ወደ ጎን ዞሯል፤ አፍንጫው ሾሏል፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሩ።

«ከሁለቱ ሌባው የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«ማን ነገራችሁ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም አልነገራቸውም፤ ሁሉም ግን ያውቃሉ። ከመሐል አንድ ልጅ ተነሣና፣ «ቲቸር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰይጣን እንደዚህ ነው የሚሳለው» አለ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ገብታ እንደማታውቅ፣ ያየችው አባቷ ሱቅ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የዓድዋ ሥዕል ላይ መሆኑን ተናገረች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና አሳዳጁ ወታደር ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዓድዋን ጦርነት የሣሉ ባህላዊ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው የኢትዮጵያን ሠራዊት በሙሉ ፊት፣ ጣሊያኖቹን በጎን አሰልፈዋል። ተመልካቹ ፊደል ባይቆጥርም ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያነባል። እትዬ ይህን ሁሉ ያብራሩት በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ብዙውን ልጆቹ ራሳቸው ስለተናገሩት እሳቸው የቀረውን ብቻ ሞሉ።

የዕለቱ ትምህርት ግን ሥዕል አልነበረም። ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን ካራገፉ በኋላ ዋናውን ጥያቄ አመጡ፦ «እንግዲያው ሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻን የሣሏቸው በስንት ዓይን ነው?»

ክፍሉ ተናወጠ። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሰው ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኩራሩ፣ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ከየትም ያጡ፣ ከባላገሩ ጋር ጦር እስከ መማዘዝ የደረሱ ሰው ናቸው። «በአንድ ዓይን!» አሉ አብዛኞቹ ወንዶች። ያቺ ከበሩ አጠገብ ያለችው ልጅ ግን እጇን አውጥታ፣ «እኔ ሳነብ ሳቅሁባቸው፤ ቆይቼ ደግሞ አዘንሁላቸው። በአንድ ዓይን የተሳለ ሰው አያሳዝንም» አለች።

እትዬ አላመሰገኗትም። «ገጹስ?» አሏት።

ይህች አንዲት ጥያቄ የትምህርታቸው ምሰሶ ናት። በእሳቸው ክፍል ማንም የፈለገውን አስተያየት መስጠት ይችላል፤ ግን ገጹን ከፍቶ፣ መስመሩን አንብቦ ነው። ሥዕል ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይለወጥና «የት ላይ አየኸው? ጣትህን አሳርፍበት» ይሆናል። «ደስ ይላል»፣ «ይደብራል»፣ «ጥልቅ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉም። ልጅቷ ገጽ ፍለጋ መጽሐፉን ስታገላብጥ ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ በማግሥቱ ከአንድም ሦስት ቦታ ወረቀት ሰክታበት መጣች።

በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ የ2000ዎቹን ልጅ እንዲህ ያሟግታል። በቤተ መጻሕፍታችን ያለው ቅጂ ግን ለአንድ ዴስክ እንኳ አይበቃም፤ ጀርባው ተቀዶ በመርፌና ክር የተሰፋ አለ። ስለዚህ እትዬ ያነባሉ። እንደ ተዋናይ አይሆኑም፤ ድምፃቸውን አያወፍሩም፣ አያለቅሱም። ዝግ ብለው፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ እያረፉ፣ አራት ነጥቡ ላይ ቀና ብለው ፊቶቹን እያዩ ያነባሉ። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበት ቅጂም በምሳ ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ሐሳቡ የእሳቸው ነው። የበዛብህና የጉዱ ካሳ ንግግር ሲጀመር ኳስ ሜዳው ላይ ያሉት ሳይቀሩ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጉ አያለሁ። ማንበብ አይወዱም የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ሥዕልን ለብቻው የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ እትዬ አማርኛው ውስጥ ያስገቡታል፤ የቀረውን በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም ከትምህርት ሰዓት ውጪ ይሠሩታል። ሁለቱን ማቀላቀላቸውን የሚነቅፍ ሰው ሲገጥማቸው ገብረ ክርስቶስ ደስታን ይጠቅሳሉ። ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ በስደት አሜሪካ ያረፈው ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። ሀገሬ የሚለውን ግጥሙን ያነበበው ተማሪ፣ ቀይ የነገሠበትን ጎልጎታ የተባለ ሥዕሉን ሲያይ ሰውየውን ያውቀዋል፤ እንግዳ አይሆንበትም። ረቂቅ ሥዕል ሲቀርብ «ይህንማ ታናሽ ወንድሜም ይሥለዋል» ማለት የተለመደ ነው። በዚህ ክፍል ግን ከግጥሙ ስለሚጀምሩ ያን ቃል ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ሜትር አምጣልኝ ብለው ላኩብኝ። ስደርስ ክፍሉ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቷል። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ ስለሠራቸው የመስታወት ሥዕሎች እየተማሩ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሆነው የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳዩትን። እትዬ እጅ ላይ ያለው ከደብተር ገጽ የማይበልጥ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ልጆቹ እየተቀባበሉ አዩት፤ አንዱም አልደነቀው። ሥዕሉ አንድ መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር ነው ቢሏቸው ቁጥሩ ቁጥር ብቻ ሆነባቸው። ስለዚህ 10 በ15 አድርገን ሜዳው ላይ ለካነው፤ ማዕዘኖቹን በድንጋይ፣ ጠርዙን በጠመኔ አሰመርን። ከዚያ «ግቡ» አሏቸው። ሁሉም ገቡ። ቦታ ተረፈ። ሌላ ክፍል ተጠራ፤ እሱም ገብቶ ቦታ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉ እንደገና ዞረ፤ በዚህኛው ዙር እያንዳንዱ ልጅ ይዞት ቆየ። ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ፣ አንዱ ሰው ከእነሱ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ቁመት እንደሚኖረው ጠየቁ። የአዳራሹ በር ከየካ አባዶ በሁለት ወይም በሦስት ታክሲ የሚደረስበት ነው፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ መገናኛን አልፈው ወደ መሐል ከተማ የሚሄዱት ለሐኪም ወይም ለበዓል ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ግን ደጃቸው ላይ ነው።

ቀለምም እንዲሁ ከደጅ ይገኛል። ከግንባታ ቦታ የተለቀመ የሲሚንቶ ከረጢት ተቀዶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ የውስጠኛው ንጣፍ ወረቀት ይሆናል። ጥቁሩ ከሰል ነው፤ ቢጫው እርድ፤ ቀዩ የተፈጨ ሸክላ፤ ማጣበቂያው የግራር ሙጫ። ሰማያዊ አስቸግሮ ነበር፤ አንዱ ብልህ ያለቀ የሚመስል እስክሪብቶ ሰብሮ መላ አገኘ።

ሰፈራችን ከየቦታው የተሰበሰበ ሰው የሚኖርበት ነው። ከካዛንቺስና ከፒያሳ ቤታቸው ፈርሶ የመጡ አሉ፤ ዕጣ ደርሷቸው የገቡ አሉ፤ ሕንፃው ሳይቆም በፊት እዚሁ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች ልጆችና የልጅ ልጆችም አሉ። እትዬ ስለ ቀረርቶና ፉከራ ባስተማሩበት ሰሞን ከነዚህ አንዱ፣ ዝምተኛ ልጅ፣ አያቱ የሚያዜሙት ገረርሳ፣ የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ፣ እንዳለ ተናገረ። «አምጣው» አሉት። ይዞት በመጣ ቀን እሳቸው የልጁ ዴስክ ላይ ተቀመጡና እሱን ሰሌዳው ጋ አቆሙት። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ሳይተረጎም፣ እንዳለ። የማይገባው ብዙ ነበር፤ የተንቀሳቀሰ ግን አልነበረም። ሲጨርስ የእትዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ትርጉሙን የሚመለከት አልነበረም። «አያትህ የሚተነፍሱት የት የት ላይ ነው?» አሉት። ልጁ ጥቂት አሰበና ዴስኩን እየመታ አሳየ። ከዚያ ክፍሉ ተከትሎት መታ። ትርጉሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱ ሲያስተምር እሳቸው ደብተር ይዘው ጻፉ። በማግሥቱ እኔ ክፍል ውስጥ ያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አወጣ። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

የሚቃወሟቸው ሰዎች መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ፊት ለፊት መመለስ ይገባዋል። የ2014 የትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር ሲነገር በየቤቱ የነበረውን ድንጋጤ አልረሳውም። አማርኛ ደግሞ በዚያ ፈተና ውስጥ የለም። እንግዲህ ወላጅ መጥቶ «ልጄ ሒሳብ እያቃተው ከሰል ፈጭቶ ሥዕል ይሥላል እንዴ?» ቢል የሚወቀስ አይደለም። ለክበቡ የሚሰጠው ሰዓት ለማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል የሚል ሐሳብም በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

እኔ የፈተናው መምህር ነኝ። ፊዚክስ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ የምለውን ከዚያ ወገን ሆኜ ልበለው፦ ተማሪዎቼን የሚጥላቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀመሩ አይደለም። ቀመሩን ሸምድደውታል። የሚጥላቸው ጥያቄው ነው። «አንድ ኳስ ከሰገነት ላይ ተለቀቀ» ሲባል ወዲያው ቁጥር ፍለጋ ይሮጣሉ፤ «ተለቀቀ» እንጂ «ተወረወረ» እንዳልተባለ አያዩም፤ ስለዚህ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑ ያመልጣቸዋል። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ነገሩ ድርብ ይከብዳል፤ ልጁ በቅጡ ባልያዘው ቋንቋ በቅጡ ማየት ይጠበቅበታል። ልጁ ሐሳቡን እስከ ጥጉ ድረስ ገፍቶ መከራከር የሚችልበት ክፍለ ጊዜ የትኛው ነው? ከችፑዱ ወዲያ ያለው ነው። እዚያ «ገጹስ?» ተብሎ የለመደ ልጅ እኔ ጋ መጥቶ «ጣትህን አሳርፍበት» ስለው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ቃሉን ተውሼዋለሁ፤ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የክበቡ ሰዓት ለፊዚክስ ማጠናከሪያ ይሰጥ ቢባል የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ።

ስለ እትዬ ሲወራ ሰው ሁሉ «ስሜቱ አላቸው» ይላል፤ ስሜት እንደ ቁመት ወይም እንደ መልክ ይዘውት የተወለዱት ይመስል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሃያ ጊዜ ያስተማሩትን ምዕራፍ በዋዜማው እንደገና ያነባሉ። ያንን ሁለት ፊት ሰሌዳ ላይ ከመሣላቸው በፊት ማረፊያ ክፍል ውስጥ በወረቀት ሲለማመዱት አይቻለሁ፤ የዓይኑ ቅርጽ አልሆንላቸው ብሎ ይሰርዙ ነበር። ስድሳ ደብተር ሲያርሙ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ያም ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ልጆቹ የሚወዱት ይህን ድካም ነው። ማን እንደተዘጋጀላቸው፣ ማን እንዳልተዘጋጀላቸው ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሰጡት የቤት ሥራ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «የማትወዱትን ሰው ጻፉ፤ ግን በሁለት ዓይን።» ያቺ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ የጻፈችው ስለ ሕንፃቸው ዘበኛ ነው። ማታ ማታ በሩን በሰዓቱ ይቆልፋል፤ የሚያመሽን ሰው ስም ደብተር ላይ ይመዘግባል። አንድ ሌሊት ወንድሟ ከሥራ ዘግይቶ ቢመጣ አልከፍትም ብሎት ታክሲ ተራ አድሯል። ይህን ጽፋ ስታበቃ፣ አንድ ጠዋት ደብተሩ ተከፍቶ አይታው ስታገላብጥ የዘበኛውን የራሱን ስም እንዳገኘች ትናገራለች። ተረኛ በሆነበት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ ራሱን ይመዘግብ ኖሯል፤ ሰዓቱን ሳይቀር።

ክፍሉ አጨበጨበ። ፊታውራሪን በአንድ ዓይን ካሉት ልጆች አንዱ ግን ተነሣ። «ቲቸር፣ ይህ ሁለት ዓይን አይደለም፤ ይቅርታ ነው። የራሱን ስም መጻፉ ወንድሟን ደጅ ማሳደሩን አያስተካክለውም።»

«ያስተካክለዋል አላልኩም» አለች ልጅቷ። «ሁለቱንም ነው የጻፍኩት።»

«ገጹስ?» አሉ እትዬ።

ልጁ ወረቀቷን ተቀብሎ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። እዚያ ወንድሟ የለም፤ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው። ደወል ተደወለ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር፤ ክርክሩን ይዘውት ገቡ፤ እኔም እስኪያልቅ ጠበቅኋቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቷ አንቀጹን እንደገና ጽፋ አመጣች። በአዲሱ ላይ ወንድሟ ታክሲ ተራ ያደረበት ሌሊት ከመጨረሻው አንቀጽ ገብቶ ሙሉ ገጽ ሆኗል፤ የዘበኛውም ስም ከደብተሩ አልተሰረዘም።